ድንኳኑ ከላይ፣ ብስክሌቱስ የት? ፒካፕ ላይ ሁለቱን አብሮ ስለመጫን

ሱሉልታ_ዳገት (ጠያቂ)
ሰላም ለቤቱ። መኪናው ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሳጥን) ክፍት፣ ክዳን የለውም። የጣሪያ ድንኳን አለ፣ ገና አልተገጠመም። የሚታጠፍ ባለ ሸራ ነው፤ 55 ኪሎ፣ ሲታጠፍ 120 በ140 ሴ.ሜ። የሚጫኑት ብስክሌቶች ሦስት፦ አንድ ባለ 29 ኢንች ጎማ የተራራ፣ አንድ ባለ 27.5፣ አንድ ባለ 20 የልጅ። መንገዱ ከሱሉልታ በሰበታ ወደ መናገሻ ሱባ፣ አልፎ አልፎ ወንጪ። አስፋልቱም ኮረኮንቹም አለበት።
ጥያቄዬ ሁለት ነው። ድንኳኑ ጋቢናው ላይ ይቀመጥ ወይስ ካሶኒው ላይ ብረት ተሠርቶለት? ብስክሌቶቹስ የት ይሁኑ? "ድንኳኑ ላይ ፖርቶመጋላ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ ብረት) አሠርተህ ብስክሌቱን ከሁሉም በላይ እሰረው" የሚል ምክርም ደርሶኛል።

ባሌስትራ
የመጨረሻውን ምክር እርሳው። ያንተ ድንኳን ባለ ሸራ ነው፤ ከላይ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን እንጂ ክዳን አይደለም፣ ብሎን የሚይዝ ነገር የለውም። ከላይ ሐዲድ የሚቀበሉት ጠንካራ የአሉሚኒየም ክዳን ያላቸው ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ክዳኑን የሚያነሱት የጋዝ ዘንጎች የብስክሌት ክብደት ጨምረው አያነሱም። ስለዚህ ድንኳን በከፈትክ ቁጥር ብስክሌት ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ማውረድ፣ ጠዋት መልሶ መስቀል ሊሆን ነው።
ከፍታውን ደግሞ ደምረው። መኪናው 1.8 ሜትር ገደማ፣ ፖርቶመጋላና ድንኳን 45 ሴ.ሜ፣ ብስክሌት 1.1 ሜትር። 3.3 ሜትር አለፈ ማለት ነው። የእንጦጦን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ በየሰፈሩ የተንዘላዘለውን የመብራት ሽቦ፣ የግቢውን በር የላይኛ ብረት ሁሉ እያየህ ልትነዳ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ላይ ከጎን የሚመታው ነፋስ ሲጨመርበት መኪናው ይወዛወዛል።
ቀላሉ ደንብ፦ የሚተኛበት ከላይ፣ የሚነዳው ከታች።

ሰበታ_መውጫ
ከባሌስትራ ጋር እስማማለሁ፤ ግን ብረት ማሠራት የግድ አይደለም። ድንኳኑን ጋቢናው ላይ አድርግ፣ ካሶኒው ነጻ ይሆናል። ብስክሌቶቹን የፊት ጎማቸውን ከኋላ ስፖንዳው (የካሶኒው መዝጊያ) ውጭ አንጠልጥለህ፣ የኋላ ጎማቸው ካሶኒ ውስጥ ይቁም። ስፖንዳው ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አጥፈህ በካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ጠቅልለህ እሰር። ምንም ሳይፈታ አምስት ደቂቃ ነው።

ካቴና
ሰበታ_መውጫ ያለው ለአስፋልት ይሠራል። ከሰበታ ወደ ሱባ ለሚወጣው ኮረኮንች ግን ሦስት ነገር ያበላሻል።
አንደኛ፣ የብስክሌቱ ክብደት ስፖንዳው ላይ የሚያርፈው በታችኛው የፍሬም ቱቦ ነው። በዘመናዊ ብስክሌት የፍሬን ቱቦና የማርሽ ካቦ የሚያልፉት በዚያው ቱቦ ሥር ነው። ከውጭ የሚያልፉ ከሆነ በእያንዳንዱ ጉድጓድ በስፖንጁና በፍሬሙ መካከል ይፈጫሉ።
ሁለተኛ፣ ስፖንጁ ላይ የተቀመጠ አቧራ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይልጠዋል። ካርቦን ፍሬም ከሆነ ቀለም ብቻ ሳይሆን ክሩንም ይነካል።
ሦስተኛ፣ ከውጭ የተንጠለጠለው ጎማና መሪ ሲወዛወዝ አንዱ የሌላውን ፎርክ ይመታል፤ የኋላ መብራትና ፍሬቻ የመሸፈን ዕድሉም ሰፊ ነው። ታርጋና ፍሬቻ ከተሸፈነ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ማስቆሙ አይቀርም።
አጭር ርቀት፣ አስፋልት፣ አንድ ወይም ሁለት ብስክሌት? ይሁን። ለሦስትና ለወንጪ ግን አይሆንም።

ለገጣፎ_በያጅ
ስለ ጋቢናው ጣሪያ ማንም ሳይናገር እንዳያልፍ። የሃይሉክስ ጣሪያ የዝናብ ቦይ የለውም፤ ፖርቶመጋላው የሚይዘው በበር ጠርዝ በሚገባ ላሜራ ነው። የዚህ ዓይነት ፖርቶመጋላዎች ብዙዎቹ በጉዞ ላይ 75 ኪሎ ነው የሚፈቅዱት፤ የመኪናውና የፖርቶመጋላው መመሪያ የተለያየ ቁጥር ከሰጡህ ትንሹን ውሰድ። ድንኳኑ 55፣ ዘንጎቹ ከነእግራቸው 8 እስከ 12 ኪሎ። ፍራሹ ላይ ብርድ ልብስና አንሶላ ጨምረህ ብታጥፈው 70 አለፍክ። በአስፋልት ያልፋል። ጉድጓድ ውስጥ ሲዘፍቅ ግን ያ ክብደት ለቅጽበት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ጣሪያው በእግሮቹ ቦታ ይሰረጉዳል ወይም መቆንጠጫው ይንሸራተታል።
የሚተኙት ሰዎች ክብደት ሌላ ሂሳብ ነው። መኪናው ቆሟል፣ ጣሪያው በዝግታ ነው የሚሸከመው፤ ግማሹንም መሰላሉ ይይዘዋል። ሰው ሁለቱን ቁጥሮች እያምታታ ነው "300 ኪሎ ይችላል ተብሎ ተሽጦልኛል" የሚለው። 300 የሚባለው ቆሞ ነው።

ቡራዩ_47
እኔ ያሰብኩት፦ ድንኳኑን ከፊት ጋቢናው ላይ ባለው ዘንግ፣ ከኋላ ካሶኒው ላይ በሚሠራ አንድ ቅስት ብረት ብናስቀምጠውስ? ክብደቱ ይካፈላል፣ ብረቱም ግማሽ ብቻ ነው የሚፈጀው።

ለገጣፎ_በያጅ
@ቡራዩ_47 ፈጽሞ አታድርገው! ፒካፕ ላይ ጋቢናውና ካሶኒው አንድ አካል አይደሉም፤ ለየብቻቸው ሻንሲው ላይ የተቀመጡ ናቸው፣ መካከላቸው ያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለው በከንቱ አይደለም። አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲው ይጣመማል፤ ጋቢናው ወደ ግራ ሲያዘነብል ካሶኒው ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ሁለቱን በድንኳን ወለል ካገናኘሃቸው የሚሰበረው ደካማው ነው፦ ወይ የድንኳኑ የአሉሚኒየም ሐዲድ፣ ወይ የጋቢናው ጣሪያ። ብየዳ ሲሰነጠቅ ድምፅ አይሰጥህም፤ የምታውቀው ድንኳኑ መጮህ ሲጀምር ነው።
ሙሉ ለሙሉ ጋቢና፣ ወይም ሙሉ ለሙሉ ካሶኒ። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ቡራዩ_47
ገባኝ አለቃ፣ ተውኩት።

ሱሉልታ_ዳገት
እንግዲህ ወደ ካሶኒው ብረት እያዘነበልኩ ነው። ልኩን፣ የብረቱን ዓይነትና ብዛቱን ብትነግሩኝ።

ለገጣፎ_በያጅ
ከመቁረጥህ በፊት ካሶኒውን በሜትር ለካ፤ ከዓመት ዓመት፣ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። የደብል ጋቢናው ባብዛኛው ውስጡ ርዝመት 1.5፣ ስፋት 1.5፣ በሁለቱ የጎማ ሽፋኖች መካከል 1.1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 48 ሴ.ሜ ገደማ ነው።

ብረቱ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ)፣ ግድግዳው 2 ሚሊ። ሻጩ "2 ነው" ያለህን በካሊፐር ለካ። 1.2 ሚሊ የሆነው ለበርና ለመስኮት ነው፤ እዚህ ካዋልከው እግሩ ሥር ይሸበሸባል። 3 ሚሊ ደግሞ አያስፈልግም፣ ባዶ ክብደት ነው (በሜትር 3.4 ኪሎ፣ ባለ 2 ሚሊው 2.3)።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦
4 እግር፣ እያንዳንዱ 50 ሴ.ሜ፤
2 አግዳሚ፣ 1.45 ሜትር፤
2 የላይ ቁመት፣ 1.3 ሜትር፤
4 ሰያፍ ደጋፊ፣ 60 ሴ.ሜ።
ድምሩ 9.9 ሜትር ነው። ቱቦላሬ በ6 ሜትር ስለሚሸጥ ሁለት ዘንግ ይበቃል፤ ግን ከእያንዳንዱ ዘንግ ምን እንደሚወጣ አስቀድመህ ጻፍ፣ አለዚያ በመጨረሻ 1.3 የሚሆን አይገኝም። ከእግር ላሜራው ጋር 25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል።

እግሩ የሚያርፍበት ላሜራ 10 በ15 ሴ.ሜ፣ 5 ሚሊ። እያንዳንዱ እግር በሁለት ኤም 10 ብሎን ይታሰራል፣ ራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት። ዋናው ነገር ከካሶኒው ጠርዝ በታች በኩል ነው፦ የጠርዙ ላሜራ ስስ ነው፣ ሮንዴላ ብቻ ከገባበት ይበሳዋል። ከሥር 6 በ12 ሴ.ሜ የሆነ 5 ሚሊ ላሜራ ይግባ። በመካከል የሚገባው ላስቲክ አንድ ንጣፍ ካላማዳሪ ብቻ ይሁን። ወፍራም ላስቲክ "እንዳይጮህ" ተብሎ ይገባና እየተጨፈለቀ ብሎኑን ያላላዋል። ዳዶው ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ይሁን።

ሰያፎቹን እንዳትቀንስ። ሰው ቦታ ይይዛሉ ብሎ ያወጣቸዋል። ፍሬን ሲያዝ 55 ኪሎ ድንኳን ወደ ፊት ይገፋል፣ እግሮቹ እንደ ገበታ እግር ይንገዳገዳሉ፤ ስንጥቁ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከእግሩ ሥር፣ ብየዳው ካለቀበት ጠርዝ ነው። ሰያፍ በሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል፦ ሁለቱ በቁመት ለፍሬን፣ ሁለቱ ከፊት ባለው ቅስት በስፋት ለጎን መወዛወዝ። የኋላው ቅስት ብስክሌት ስለሚገባበት ሰያፍ አይቀበልም። በምትኩ ማዕዘኑ ላይ 8 በ8 ሦስት ማዕዘን ላሜራ በየድ።

ብየዳው ከመኪናው ውጭ ይለቅ። መኪናው ላይ መንካት የግድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ፣ ከ60 እስከ 80 አምፒር ለ2 ሚሊ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ይበሳል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር 5 ሚሊ የውሃ መውጫ ብሳ፣ አለዚያ ክረምቱ ቱቦውን ከውስጥ ይበላዋል። አንቲረስት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ቀለም። ለብሎን የተበሳውንም ቀዳዳ ቀባ፤ የካሶኒው ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የድንኳኑ ሐዲዶች የብረቱን አግዳሚዎች በ90 ዲግሪ መሻገር አለባቸው፤ የድንኳኑን መክፈቻ አቅጣጫ ሳትወስን ብረቱን አታስበይድ።

ባሌስትራ
መክፈቻውን በቀኝ በኩል አድርገው። እዚህ አገር በቀኝ ስለምንነዳ መንገድ ዳር ስትቆም ቀኙ የእግረኛው ጎን ነው። ወደ ኋላ የሚከፈት ከሆነ መሰላሉ ስፖንዳው ፊት ይተከላል፣ ብስክሌት ማውረድም መጫንም አይቻልም፤ ሌሊት ብስክሌት ካሶኒ ውስጥ ካለ ደግሞ ልጅ ከመሰላል ሲወርድ ፔዳል ላይ ነው የሚያርፈው።

ካቴና
የብስክሌቱን በኩል እኔ ልያዘው።

"የፊት ጎማውን አውልቀህ አስገባው" የሚባለው በሂሳብ ሲታይ አይገባም። ባለ 29 ብስክሌት ከፊት ፐርኖ (የጎማው መሐል ዘንግ) እስከ ኋላ ፐርኖ 1.18 ሜትር አካባቢ ነው። የኋላው ጎማ ግማሽ 37 ሴ.ሜ ይጨመራል፣ ከፎርኩ ፊት ለመያዣው 5 ሴ.ሜ። ድምሩ 1.6 ሜትር፤ ካሶኒው 1.5። ባለ 27.5ቱም 1.53 ይመጣል፣ ለጥቂት አይገባም። የድሮው ባለ 26 ብቻ ነው ቀጥ ብሎ የሚገባው።

መፍትሔው ሰያፍ ማስቀመጥ ነው። ወደ 22 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል 1.6ቱ 1.48 ይሆናል። የፊት ፎርኩ ግራ ጥግ ከሆነ የኋላ ጎማው 60 ሴ.ሜ ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ትይዩ ይሁኑ፣ በመካከላቸው 45 ሴ.ሜ። የኋላ ጎማዎቹ በ1.1 ሜትሩ መካከል ይገባሉ፤ ትንሽ ይጣበባል እንጂ ያልፋል። ስፖንዳው ይዘጋል።

የፎርክ መያዣው ለብቻው መግዛት ይቻላል፤ መሥራትም ቀላል ነው። መጀመሪያ የፎርኩን ዓይነት እይ። የድሮው ባለ ክንፍ መቆለፊያ ከሆነ (9 በ100 ሚሊ) ከአሮጌ ብስክሌት የፊት ሞዞ (ጨረሮቹ የሚሰኩበት የጎማ እምብርት) አውጥተህ፣ ጨረሮቹን ቆርጠህ፣ ሞዞውን በሁለት የቧንቧ መያዣ ሞራሌ (ወፍራም እንጨት) ላይ እሰረው። በቃ፤ ፎርኩ ላዩ ላይ ይቀመጣል፣ በራሱ መቆለፊያ ይያዛል። የአሉሚኒየም ሞዞ ስለሆነ ብየዳ አይታሰብም።
15 ሚሊ ወፍራም ፐርኖ ያለው ከሆነ ስፋቱ ወይ 100 ወይ 110 ነው፤ ለካ። የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ውስጡ 16 ሚሊ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ በትክክል 110 (ወይም 100) ሚሊ ተቆርጦ ፐርኖው ያልፍበታል። የቧንቧው ውጭ 21 ሚሊ ስለሆነ በአንዳንድ ፎርክ ጎድጓዳ ውስጥ አልገባ ይላል፤ ጫፉን በሞረድ ማጥበብ ነው። ርዝመቱ 2 ሚሊ ቢያጥር ፐርኖውን ስታጠብቅ የፎርኩን እግሮች ትጨመድዳለህ፣ ቢረዝም አይገባም። ስለዚህ በእጅ መጋዝ ሳይሆን በሚቆርጥ ማሽን፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ።

መያዣዎቹ የሚታሰሩበት 5 በ10 ሞራሌ፣ 1.45 ሜትር ርዝመት፣ ካሶኒው ፊት ግድግዳ ላይ ተጠግቶ። ጫፎቹ በካሶኒው ማሰሪያ ቀለበቶች በኩል ይወጠሩ። ከሥሩ የካላማዳሪ ቁራጭ ምስማር ይመታበት፣ የፕላስቲክ ወለል ያንሸራትታል። መያዣዎቹ ለሰያፉ በዚያው 22 ዲግሪ ይዙሩ፤ ቀጥ አድርገህ አስረህ ብስክሌቱን በግድ ብታዞረው ፎርኩ ይጣመማል።

ከፍታውን ላስላ፣ ድንኳኑ ከላይ ስላለ። ወለል እስከ ብረቱ ሥር 48 ሲደመር 50፣ ማለትም 98 ሴ.ሜ። ፎርኩ ዝቅ ሲል መሪው ከ1.05 ወደ 85 ሴ.ሜ አካባቢ ይወርዳል። 13 ሴ.ሜ ይተርፋል። ኮርቻውን ግን እስከ ታች ዝቅ አድርገው፣ የድንኳኑን ወለል የሚነካው እሱ ነው።

ሱሉልታ_ዳገት
እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ቁጥር ስላስቀመጥሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጁስ ብስክሌት? ቦታ ያለቀ ይመስለኛል።

ካቴና
አልቋል። ግን ድንኳኑ ወደ ካሶኒው ስለሄደ የጋቢናው ጣሪያ ነጻ ነው። ባለ 20ው 10 ወይም 11 ኪሎ ነው፤ አነስተኛ ፖርቶመጋላ ላይ በግራ ጎኑ አስተኛው፣ የካቴናው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ሁለቱን ፔዳል አውጣ፦ 15 ቁጥር መፍቻ፣ ግራው ፔዳል ወደ ተቃራኒው እንደሚፈታ እንዳትረሳ። በሦስት ቦታ በቺንጋ ይታሰር። ፊቱ ወደ ፊት አይሁን፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ መስታወቱ የሚሄደው ጎማ እንጂ መሪ እንዳይሆን የኋላውን ጎማ ወደ ፊት አድርገው።

ሰበታ_መውጫ
ወይም ልጁ ትልቅ እስኪሆን ድረስ ጠብቀው 😄
በቁም ነገር፦ ከኋላ ፓራውልት ሥር በጎትቾ (የተጎታች መሳቢያ) ቦታ ላይ የሚሰካው መያዣስ? ሦስቱንም በአንዴ ይይዛል፣ ምንም ሂሳብ አይጠይቅም።

ባሌስትራ
ይጠይቃል እንጂ። መያዣው ራሱ 20 ኪሎ፣ ሦስቱ ብስክሌት 40። ይህ 60 ኪሎ ከመሰኪያው 60 እና 70 ሴ.ሜ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ ነው፤ መኪናው ሲነጥር መሰኪያውን እንደ ዘንግ ያጣምመዋል። አንዳንድ አምራቾች ከአስፋልት ውጭ የተፈቀደውን ክብደት በግማሽ አውርዱ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ይከለክላሉ። መመሪያው ውስጥ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኘዋለህ።
ሁለተኛ፣ ከቦይ ስትወጣ መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው። ሦስተኛ አቧራ፦ ከፒካፕ ኋላ አየሩ ይሽከረከራል፣ የመንገዱ አቧራ በሙሉ ካቴናና ፎርክ ላይ ነው የሚለጠፈው። የማርሚታው ጫፍ የት እንደሚያወጣም ተመልከት፤ ትኩስ ጭስ ጎማ ላይ ከተነፈሰ ጎማው ይቀልጣል።
ካሶኒው በሌላ ዕቃ ለተሞላ ሰው፣ በአስፋልት ወደ ደብረ ብርሃን ለሚሄድ፣ ጥሩ ነው። ለዚህ ጉዞ አይደለም።

ሰበታ_መውጫ
እሺ፣ ስለ ማርሚታው አላሰብኩም ነበር።

ባሌስትራ
አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ልጨምር። ባዶ ፒካፕ ኋላው በጣም ይነጥራል። ባሌስትራው (የኋላው ላሜራ ስፕሪንግ) የተሠራው አንድ ቶን ሊጠጋ ለሚችል ጭነት ነው፤ 55 ኪሎ ድንኳን፣ 25 ኪሎ ብረት፣ 30 ኪሎ ብስክሌት ለሱ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ ብስክሌቱን የሚሰብረው ክብደቱ ሳይሆን የክብደት ማነሱ ነው። ውሃውን (በ20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ወይም ሦስት)፣ የምግብ ሳጥኑን፣ መሣሪያውን ከኋላ አክሱሉ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ አስቀምጥ፤ በሰያፉ የተነሳ ከብስክሌቶቹ ግራና ቀኝ ሦስት ማዕዘን ቦታ ይቀራል፣ ጀሪካን በትክክል ይገባበታል። ግን እሰረው! ያልታሰረ ጀሪካን ጨረር ይሰብራል።
የጎማውን ነፋስ ኮረኮንች ስትጀምር ከ35 ወደ 28 ፒኤስአይ አውርድ፣ ከ50 ኪ.ሜ በሰዓት አትለፍ። አስፋልት ስትደርስ መልሰህ ንፋ፤ ትንሽ የሲጋራ መሰኪያ መንፊያ መያዝ ነው። በ28 ላይ አስፋልት መሮጥ ጎማውን ያግለዋል።

ካቴና
ብስክሌቱን ስታስር የሚሳሳቱትን በአጭሩ፦
ማርሹን ከኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ አድርግ፣ ማርሽ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ይገባል። ካልሆነ ለመታጠፍ የመጀመሪያው እሱ ነው።
የዲስክ ፍሬን ያለው የፊት ጎማ ሲወልቅ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል 2 ሚሊ የሚሆን ፕላስቲክ ወይም ካርቶን ይግባ። ሳይታወቅ ፍሬኑ ከተያዘ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፣ ጫካ ውስጥ ጎማው አልገባ ይላል። የዘይት ፍሬን ያለውን ብስክሌት ደግሞ ገልብጠህ አትጫን፤ አየር ወደ ቱቦው ይሄዳል፣ እጀታው ይላላል።
የወለቀውን ጎማ ዲስኩን ወደ ላይ አድርገህ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጥ። የታጠፈ ዲስክ ጫካ ውስጥ አይቃናም።
የኋላ ጎማው በ25 ሚሊ ቺንጋ፣ በመንጠቆ ሳይሆን በመቆንጠጫ ዘለበት ይታሰር። ክሪክ የሚመስለው መወጠሪያ ያለው ቺንጋ ለጭነት ነው፤ ቸርኬ ያጣምማል፣ ካርቦን ይሰብራል። ላስቲክ ገመድ ብቻውን ደግሞ ማሰሪያ አይደለም፣ መወዛወዣ ነው።
ኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ፦ ባትሪውን አውጥታችሁ ጋቢና ውስጥ። ክብደት ይቀንሳል፣ ከውሃና ከንዝረትም ይተርፋል።

ሰንዳፋ_ሜዳ
ስለ ክረምቱ ማንም አላነሳም። በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል ያለው መረሬ አንዴ ከያዘ ብስክሌቱ 3 ወይም 4 ኪሎ ይጨምራል፤ ጭቃው እንዳለ ሲጫን ቺንጋው ሥር ይገባና ቀለም ይፈጫል። በእንጨት ፍቀው፣ በጀሪካን ውሃ አጥበው፣ ከዚያ ይጫን። በግፊት የሚረጨውን ውሃ ወደ ሞዞና ወደ ፔዳል መሐል አታስጠጋ፣ ግራሱን ያወጣዋል።
ድንኳኑም እንደዚያው፦ እርጥቡን አጥፈህ ከመጣህ በነጋታው ከፍተህ አድርቀው። ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ቀን ብታልፈው ጥቁር ሻጋታ ይጥላል፣ አይለቅም። ድንኳኑ ከብስክሌቶቹ በላይ ስለሆነ ከወለሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ካቴና ላይ ነው የሚወርደው፤ ደርቆ ከመጣም በኋላ ዘይት ይፈልጋል።

ሱሉልታ_ዳገት
ሌሊት ድንኳን ውስጥ እያለን ብስክሌቶቹስ? ማውረድ ያስፈልጋል?

ለገጣፎ_በያጅ
አያስፈልግም፣ ለዚህም ነው ካሶኒው የሚመረጠው። ከብረቱ የኋላ እግር ላይ ለቁልፍ የሚሆን ቀለበት አስበይድ፤ 10 ሚሊ ብረት በግማሽ ክብ ታጥፎ፣ ሁለት ጎን ተበይዶ። ሰንሰለቱ በሁለቱም ፍሬም (በጎማ ሳይሆን) አልፎ በቀለበቱ ይቆለፍ። የፎርክ መቆለፊያ ማንም በእጁ ይፈታዋል፣ ቁልፍ አይደለም። ሰንሰለቱን በካላማዳሪ ውስጥ አሳልፈው፣ አይጮህም አይልጥም። ማታ ሰው ካሶኒ ውስጥ ቢነካካ ድንኳኑ ስለሚነቃነቅ ትነቃለህ።

ቡራዩ_47
ብሎኖቹን በየስንት ጊዜ ማጥበቅ ነው?

ለገጣፎ_በያጅ
ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ 50 ኪ.ሜ ላይ፣ ከዚያ 200 ላይ፣ ከዚያ ኮረኮንች ከነካህ በእያንዳንዱ ጉዞ መጨረሻ። ካጠበቅክ በኋላ ከዳዶው ወደ ላሜራው የሚሻገር መስመር በቀለም አስምር፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል፣ መፍቻ ሳትይዝ በዓይንህ ታየዋለህ። የድንኳኑ ብሎኖች 8 ሚሊ ናቸው፣ ባለ 13 መፍቻ፤ ሐዲዱ አሉሚኒየም ስለሆነ አምራቹ ከጻፈው በላይ አታጥብቅ፣ ከሐዲዱ ይነቀላል። 13ና 17 ቁጥር መፍቻ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፤ ከካሶኒው ሥር ከዕቃ በታች ከሆነ አታገኘውም።

ሱሉልታ_ዳገት
በቀኝ የሚከፈት፣ 40 በ40፣ ሁለት ዘንግ ቱቦላሬ፣ ሰያፉ ሳይቀነስ። የባለ 29ኙ ፎርክ 15 በ110 ሆኖ ተገኘ፣ የባለ 27.5ቱ ባለ ክንፍ። ቅዳሜ ቧንቧውና አሮጌው ሞዞ ከምናለሽ ተራ ይገዛል።

ካቴና
ቧንቧውን ስትገዛ ፐርኖውን ይዘህ ሂድ፤ እዚያው አስገብተህ ሞክረው። ከውስጡ የብየዳ መስመር ያለው ከሆነ አያልፍም፣ ሌላ አስመርጥ።